ቤት የተጠመቀ ጠንካራ ቢራ፦ «ሁለት ብቻ» ስንት ነው?

 

ዛሬ ትንሽ ለየት ያለ ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ። በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ቢራ ቤታችን መጥመቅ ጀምረናል። ራሳችን የሠራነው ነው፣ ኬሚካል የለውም። ከፋብሪካው ይሻላል አይደል?»

አጭሩ መልስ «ቤት ስለተጠመቀ ብቻ አይሻልም» ነው። ረጅሙን መልስ ግን የተማርኩት ከራሴ ወንድም ስለሆነ ታሪኩን ላውጋችሁ።

ባለፈው ዓመት እረፍት ወስጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነበር። ዕድሜው 43 ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እማዬ ስትሸኘኝ «ግፊቱን ራስህ ለካው፣ በስልክ ሲያወራኝ አላመንኩትም» ብላ አደራ ሰጥታኛለች። በደረስኩ በማግስቱ ጠዋት አረፍ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ለካሁት፤ 154/98። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው።

«መድኃኒትህን ትወስዳለህ?»
«አንድ ቀን አላቋርጥም።»
«ጨውስ?»
«ቀንሻለሁ ዶክተርዬ።»
«አልኮል?»
«ማታ ማታ ሁለት ቢራ። ሁለት ብቻ!»

እኔም «ሁለት ቢራ» ብዬ በልቤ መዝግቤ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። የዛኑ ቀን ማታ ወደ ቤዝመንት ይዞኝ ወረደና «ና፣ የእጄን ሥራ ቅመስ» አለኝ።

1. ሊያስመስለው የሞከረው ቢራ

ወንድሜ ዱቨል የሚባለውን የቤልጂየም ቢራ በጣም ይወዳል። ይህን ቢራ የሚሠራው በ1871 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የሞርትጋት ቤተሰብ ፋብሪካ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድሉ ማስታወሻ እንዲሆን «ቪክቶሪ ኤል» ተብሎ ነበር የተጠመቀው፤ እርሾውም ከስኮትላንድ የመጣ ነው። አንድ ሰው ቀምሶት «ይሄማ ሰይጣን ነው» ብሎ ነበር ይባላል። ከ1923 ጀምሮ «ዱቨል» ሆነ፤ በአካባቢው ቋንቋ ሰይጣን ማለት ነው።

ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። መልኩ ወርቃማ፣ አረፋው ነጭ፣ ሲጠጣ ቀለል ያለ ነው። የአልኮል መጠኑ ግን 8.5 በመቶ ነው። እኛ የለመድነው ተራ ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ነው።

ወንድሜ ቤት መጥመቁ ሕገወጥ አይደለም። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ለራሱ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። የምትኖሩበት አገር ወይም ግዛት ሕግ የተለየ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ።

2. አጠማመቁ በአጭሩ

ጠላ ሲጠነሰስ ያየ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። የወንድሜ የ20 ሊትር ልክ ይሄ ነው፦

• ብቅል፦ 4.8 ኪሎ ፈዛዛ የገብስ ብቅል (ፒልስነር የሚባለው) ይፈጫል፤ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ለ90 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ። የጠላው ብቅል የሚሠራውም ይህንኑ ሥራ ነው።

• ማፍላት፦ ጭማቂው ተጠልሎ ለ90 ደቂቃ ይፈላል። ሲፈላ ሆፕስ የሚባለው አበባ ይገባል፤ ለዚህ ቢራ ሳዝ እና ስታይሪያን ጎልዲንግ የተባሉት ዓይነቶች ይመረጣሉ። ጌሾ ለጠላ እንደሚሆነው ሁሉ ሆፕስም ለቢራው ምሬት ይሰጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይከላከላል።

• ስኳር፦ ማፍላቱ ሊያልቅ ሲል 900 ግራም ስኳር ይጨመራል።

• እርሾ፦ በፍጥነት ወደ 18 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በኋላ ለዚህ ዓይነት ቢራ የሚሆን እርሾ ይጨመራል። በሳምንት ውስጥ ሙቀቱ ቀስ እያለ እስከ 26 ዲግሪ እንዲወጣ ይደረጋል። መብላላቱ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

• ጠርሙስ፦ በሊትር ከ7 እስከ 8 ግራም ስኳር ተጨምሮ ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። 24 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ጋዙ የሚፈጠረው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። 900 ግራሙን ስኳር እርሾው ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ጣፋጭነት አይተርፍም፣ ውፍረትም አይተርፍም፣ የሚተርፈው አልኮል ነው። ቢራው ሳይከብዳችሁ የሚጠጣውም፣ ሳታውቁት የሚያሰክራችሁም በአንድ ምክንያት ነው። ምላሳችሁ ጥንካሬውን አይነግራችሁም። መለካት የግድ ነው።

3. ጥንካሬው እንዴት ይለካል?

ሃይድሮሜትር የሚባል ርካሽ የብርጭቆ መለኪያ አለ። ጭማቂው ውስጥ ሲንሳፈፍ ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። እርሾ ከመጨመሩ በፊት አንዴ፣ መብላላቱ ሲያበቃ አንዴ ታነባላችሁ።

የወንድሜ የመጀመሪያው ንባብ 1.070፣ የመጨረሻው 1.006 ነበር። ልዩነቱ 0.064 ነው። ይሄን በ131 ስታባዙት 8.4 ይሆናል። በግምት 8.4 በመቶ አልኮል ማለት ነው። ወንድሜ ሰይጣኑን አስመስሎታል ማለት ይቻላል!

ይህን መለኪያ የማይጠቀም ሰው የሚጠጣውን አያውቅም። ትንሽ ስኳር ቢበዛ፣ ውሃው ቢያንስ፣ ያው «ቢራ» 9 ወይም 10 በመቶ ሊገባ ይችላል። የፋብሪካው ጠርሙስ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ቤት የተጠመቀው ላይ ግን እናንተ ካልጻፋችሁ ማንም አይጽፍላችሁም።

4. አሁን ሒሳቡን እንሥራ

ንጹህ አልኮሉ በግራም እንዲህ ይሰላል፦ ሚሊ ሊትር × በመቶኛው ÷ 100 × 0.79።

• ተራ ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ = 13 ግራም
• የወንድሜ ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትር፣ 8.5 በመቶ = 22 ግራም
• ያው ቢራ በትልቁ ጠርሙስ፣ 750 ሚሊ ሊትር = 50 ግራም

የወንድሜ «ሁለት ብቻ» እንግዲህ 44 ግራም ነው። ከሦስት ተራ ቢራ ይበልጣል። በሳምንት ወደ 310 ግራም ይጠጋል። እሱ ለሐኪሙ «በሳምንት 14 ቢራ» እያለ ሲያወራ፣ ሰውነቱ የሚቀበለው የ24 ተራ ቢራ አልኮል ነበር። አልዋሸም እኮ! ጠርሙስ ነው የቆጠረው።

ይህን ወረቀት ላይ ሠርቼ ሳሳየው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ምክንያቱም ትዝ ያለኝ የራሴ ክሊኒክ ነው። «ጠላ ብቻ ነው የምጠጣው» ያሉኝን ስንት አባቶች «አልፎ አልፎ ይጠጣል» ብዬ ጽፌ አሰናብቻለሁ? በምን ዕቃ? በቀን ስንቴ? የማን ቤት ጠላ? የጠላ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ፊልተር የሚባለው ደግሞ ይጠነክራል። አልጠየቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ስንት ትጠጣለህ?» ብዬ አላቆምም፤ ምን፣ በምን መጠን፣ በሳምንት ስንት ቀን ብዬ እጠይቃለሁ።

አልኮል የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ በመድኃኒት በደንብ እንዳይቆጣጠርም ምክንያት ሊሆን ይችላል። የብዙ ሰው ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ አልኮል ነው የሚያስወግደው። አንዱን የወንድሜን ጠርሙስ ለማስወገድ ብቻ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱን ማታ 5 ሰዓት ላይ ጨርሶ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቱ ሥራ ላይ ነው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ጥሬ ሥጋ፣ ምንም አያፋጥነውም። ስለዚህ ከዚህ ዓይነት ቢራ አንዱንም ጠጥታችሁ መኪና አታሽከርክሩ።

5. ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሰማነው ድምፅ

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ከቤዝመንቱ ጓ! የሚል ድምፅ ቀሰቀሰን። ተኩስ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ሌላ፣ ወዲያው ሌላ። ወርደን ስናይ ጠርሙሶች ፈንድተው ስባሪው ግድግዳው ድረስ ተበትኗል። ቀን ቀን የ9 ዓመት ልጁ የምትጫወትበት ምንጣፍ በብርጭቆ ተሸፍኗል። የወንድሜ ባለቤት ምንጣፉን አይታ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ላይ ተመለሰች።

ምን ሆኖ ነው? ያ አዲስ ጥምቅ መብላላቱን ሳይጨርስ ነው የታሸገው። በሰባተኛው ቀን አረፋው ስለቆመ «አልቋል» ብሎ አሸገው። ንባቡ ግን 1.014 ላይ ነበር፤ 1.006 መድረስ ነበረበት። ያ ልዩነት በሊትር ከ15 ግራም በላይ ያልተበላ ስኳር ነው። በዚያ ላይ ለጋዝ የሚጨመረው 8 ግራም ተጨመረበት። እርሾው ሁሉንም ጠርሙስ ውስጥ በላው፣ ጋዙ መውጫ አጣ።

ለመከላከል፦

• በተከታታይ ለሦስት ቀን ንባቡ ካልተለወጠና ወደሚጠበቀው ቁጥር ካልደረሰ አታሽጉ።
• ለጋዝ የሚሆነውን ስኳር በሚዛን እንጂ በማንኪያ ግምት አትለኩ።
• ለከፍተኛ ጋዝ የተሠራ ወፍራም ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ የወይን ጠጅ ጠርሙስና ስስ ጠርሙስ አይሆንም።
• ልጆች በማይደርሱበት፣ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ።
• አንዱ ከፈነዳ ሌሎቹን በባዶ እጅ አትንኩ። በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ ሳትለብሱ አትጠጉ።

ስባሪ ዓይን ውስጥ ከገባ፦ አትሹት፣ አትጫኑት፣ የተሰካውን ለማውጣት አትሞክሩ። እንደ ስኒ ያለ ነገር ሳይጫን ከላይ ሸፍናችሁ ወዲያውኑ የዓይን ሕክምና ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሰዓታት ዓይን ያድናሉ።

6. ሌሎች የጠመቃ አደጋዎች

ቃጠሎ፦ ከ20 ሊትር በላይ የፈላ ጣፋጭ ጭማቂ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሆፕስ ሲጨመር ደግሞ ድንገት ይገነፍላል። ድስቱን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ፣ ሕፃን አታስጠጉ። ከተቃጠላችሁ ቶሎ ብላችሁ ለ20 ደቂቃ በቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤ፣ በረዶ አታድርጉበት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ሰፊ ከሆነ ወደ ሕክምና ሂዱ።

የጽዳት ኬሚካል፦ በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። የጽዳት ኬሚካል በቢራ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ይጠጣዋል።

ጋዝ፦ 20 ሊትር እንዲህ ያለ ቢራ ሲብላላ በጠቅላላው ከ600 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል፣ በተለይ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። ማብላያውንም ጋዝ ማስወጫ ሳታደርጉለት ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት።

ንጽሕና፦ እናቶቻችን ጋኑን አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ከፈላ በኋላ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ ማጽጃ መጽዳት አለበት። ሻጋታ ያበቀለ ቢራ አይጠጣም፣ ይደፋል። «ያሳዝናል» አትበሉ!

7. «ዶክተር፣ ዓይን አያጠፋም?»

ሜታኖልን ማለታችሁ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። በእርሾ የተብላላ የገብስ ቢራ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አያጠፋም። አደጋው ያለው የማይታወቅ አረቄና የኢንዱስትሪ አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት የጠመቃችሁትን ቢራ «ላጠንክረው» ብላችሁ ለማንጠር አትሞክሩ፤ እሳትም መርዝም አለው።

አንድ ሰው ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ዓይኑ ብዥ ካለበት፣ በረዶ የሚያይ ከመሰለው፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ «ሃንጎቨር ነው» ብላችሁ አታስተኙት። ወዲያው ሆስፒታል!

8. ማን ጨርሶ መጠጣት የለበትም?

• ነፍሰ ጡር ወይም ለመፀነስ እየሞከረች ያለች ሴት። «ቤት የተሠራ ነው» ጽንሱን አይጠብቀውም።
• የጉበት ሕመም ያለበት ሰው።
• የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፤ ጉበቱ ላይ ጫና ይደራረባል።
• ሜትሮኒዳዞል (ብዙዎቻችን ፍላጅል የምንለው) የሚወስድ ሰው፣ ከጨረሰም በኋላ እስከ ሦስት ቀን።
• የእንቅልፍና የጭንቀት ማስታገሻ፣ እንደ ዳያዜፓም ያሉ፣ የሚወስድ ሰው። ሁለቱ ተደምረው ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ።
• ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር አይጠጣ፤ ሌሊት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።
• ሪህ ያለበት ሰው፤ ቢራ ያስነሳበታል።

በጥቅሉም ለጤና ተብሎ የሚጠጣ አልኮል የለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልኮልን ካንሰር አምጪ ከሆኑት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ያስገባው በ1988 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ቢቀነስ ይሻላል፤ ቢቀር ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቁርጥ ማድረግ የለበትም። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ መቃዠት፣ አልፎም የሚጥል ሕመም የመሰለ ነገር ሊመጣና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። በሐኪም ክትትል ይቀነስ፣ ይቁም።

ወንድሜስ?

መጥመቁን አልተወም። እኔም «ተው» አላልኩትም፤ ሥራውን ይወደዋል፣ ብቅል ሲያሸት የእማዬ ጓዳ ትዝ እንደሚለው ነግሮኛል። ከቀጣዩ ጥምቅ ግን ስኳሩን አወጣ፣ ብቅሉንም ቀነሰ። 4.5 በመቶ የሚሆን ቢራ ሆነ። እያንዳንዱ ቆርኪ ላይ በማርከር ቁጥሩን ይጽፋል። የሚጠጣው ቅዳሜ ብቻ፣ አንድ ነው። ሣጥኑም ክዳንና ቁልፍ ወጥቶለታል፤ የዚያኛው ትእዛዝ የመጣው ከባለቤቱ ነው።

ሐኪሙ ጋ ሄዶም ትክክለኛውን ቁጥር ነገረው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለለት፣ እሱም የእግር ጉዞ ጀመረ። ባለፈው ሳምንት የግፊት መለኪያውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ 132/84። ቢራውን መቀነሱ ብቻውን ነው ያወረደው አልልም። ግን እውነተኛው ቁጥር ባይነገር ኖሮ ሐኪሙ መድኃኒት ብቻ ይጨምርለት ነበር።

ስለዚህ የዛሬ የቤት ሥራችሁ፦ ማታ ከፊታችሁ ያለውን ጠርሙስ ወይም ብርጭቆ አንሡ፣ መጠኑንና ጥንካሬውን አንብቡ፣ ከላይ ባለው ስሌት ግራሙን አስሉ። ከዚያ በሳምንት ስንት እንደሚሆን ደምሩ። ቀጣይ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ጠርሙስ ሳይሆን ይሄን ቁጥር ንገሩት።

ይህ ጽሑፍ ለጤና ትምህርት የቀረበ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። «ሁለት ብቻ» የሚል ወንድም፣ አባት ወይም ጓደኛ ካላችሁ አጋሩት።

መልካም ጤና!